«ባክአፕ አለን» ማለት «ይነሳል» ማለት ነው? የዶሜይን ኮንትሮለርን ከመጠባበቂያ ቅጂ የማስነሳት ፍተሻ

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የኮምፒውተር ደኅንነት ሶፍትዌር የሚሠራው የክራውድስትራይክ ድርጅት የተበላሸ ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን የሚገመቱ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከሥራ ሲያስወጣ፣ ጥገናው በራሱ የተወሳሰበ አልነበረም። ማሽኑን በሴፍ ሞድ አስነስቶ አንድ ፋይል ማጥፋት ይበቃ ነበር። ብዙዎችን ያሰራቸው ሌላ ነገር ነው። ዲስካቸው በቢትሎከር የተቆለፈ ማሽኖች ከመነሳታቸው በፊት ባለ 48 አሃዝ የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃሉ። ቁጥሩ በብዙ ድርጅቶች የሚቀመጠው አክቲቭ ዳይሬክተሪ በሚባለው የኔትወርክ መዝገብ ውስጥ ነው። አክቲቭ ዳይሬክተሪውን የያዘው ሰርቨር ራሱ ከወደቁት መካከል ከሆነ፣ በሩ ተዘግቶ ቁልፉ ቤት ውስጥ ቀረ ማለት ነው።

ይህ የሳይበር ጥቃት አልነበረም። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ጎጂ ፕሮግራም፣ ማለትም ራንሰምዌር፣ አንድ ድርጅት ላይ ደረሰ ሲባልም መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ባክአፕ ነበራቸው?» የሚል ነው፤ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ «አዎ» ነው። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ለደብዳቤ ወይም ለሂሳብ ሰንጠረዥ ባክአፕ አለ ማለት ፋይሉ ይመለሳል ማለት ሊሆን ይችላል። የኔትወርኩን ዳይሬክተሪ በተመለከተ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። የዳይሬክተሪ ባክአፕ መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው፣ ዳይሬክተሪው ጨርሶ የጠፋበትን ቀን አስመስለው፣ ከባዶ ተነስተው፣ ሰዓት ይዘው አንድ ጊዜ ካስነሱት በኋላ ነው።

ዳይሬክተሪው ምን ይይዛል?

አክቲቭ ዳይሬክተሪ ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ 2000 ሰርቨር ጀምሮ ያቀረበው የኔትወርክ መዝገብ ነው። ሠራተኛው ጠዋት የይለፍ ቃሉን ሲያስገባ ማንነቱን የሚያረጋግጠው፣ የትኛውን ፎልደር መክፈት እንደሚችል የሚወስነው፣ የትኛው ኮምፒውተር የድርጅቱ እንደሆነ የሚያውቀው ይህ መዝገብ ነው። መዝገቡን ይዞ ጥያቄ የሚመልሰው ሰርቨር ዶሜይን ኮንትሮለር ይባላል።

የመዝገቡ ልብ ኤንቲዲኤስ ዶት ዲት የሚባል አንድ የዳታቤዝ ፋይል ነው። ከጎኑ ሲስቮል የሚባል ፎልደር አለ፤ በየኮምፒውተሩ ላይ የሚጫኑት ደንቦች፣ ማለትም ግሩፕ ፖሊሲዎችና የመግቢያ ስክሪፕቶች፣ የሚገኙት እዚያ ነው። እነዚህ ሁለቱ፣ የዊንዶውስ ቅንብሮች ከሚያዙበት ከሬጅስትሪውና ከሲስተም ፋይሎቹ ጋር በአንድነት የሚቀዱበት የባክአፕ ዓይነት «ሲስተም ስቴት» ይባላል። ሙሉ ሰርቨሩን ከነዲስኩ የሚቀዳው ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ በፍተሻው ቀን ዋጋ ስላለው ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

ዶሜይን ኮንትሮለሮች ብዙ ሲሆኑ በአንዱ ላይ የተደረገ ለውጥ ወደ ሌሎቹ ይተላለፋል። ይህ ሪፕሊኬሽን ይባላል። የጋራ መዋቅር ያላቸው ዶሜይኖች ሁሉ ሲጠቃለሉ «ፎረስት» ይባላሉ። አንድ ኮንትሮለር ሲሞት ሌላውን ከባልንጀሮቹ ማስነሳት ይቻላል፤ ይህ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ፎረስቱ በሙሉ የጠፋበት ቀን ነው።

መብራት ጠፍቶበት የተረፈው የጋናው ሰርቨር

ያ ቀን ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ ያሳየው የዴንማርኩ የመርከብ ድርጅት ሜርስክ ነው። ሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም. ኖትፔትያ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም ኤም.ኢ.ዶክ በተባለ የዩክሬን የግብር እና የሂሳብ ሶፍትዌር ማሻሻያ በኩል ወጥቶ፣ በዚያ ሶፍትዌር በሚጠቀሙ ድርጅቶች ውስጥ አልፎ በዓለም ዙሪያ ተዛመተ። ሜርስክ ወደ 150 የሚጠጉ ዶሜይን ኮንትሮለሮች ነበሩት። በወቅቱ ከወጡ ዘገባዎች እንደሚታወቀው፣ የአብዛኞቹ ሌሎች ሰርቨሮች ባክአፕ ከጥቃቱ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን በፊት የተወሰደ ሆኖ ተገኝቷል። የኮንትሮለሮቹ ግን አልተገኘም። ታሳቢው 150ዎቹ እርስ በርስ ስለሚገለበጡ እያንዳንዱ ለሌላው ባክአፕ ይሆናል የሚል ነበር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም።

አንዱ ግን ተረፈ፤ ጋና የሚገኘው። ጥቃቱ ከመድረሱ በፊት እዚያ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሰርቨሩ ከኔትወርኩ ተለይቶ ነበር። የማገገሚያው ሥራ የሚመራው እንግሊዝ አገር ሜይደንሄድ ከሚገኝ ቢሮ ነው። የጋናው የኢንተርኔት መስመር ብዙ መቶ ጊጋባይት ለማስተላለፍ ቀናት የሚፈጅበት ሆነ። ዲስኩን ይዞ ለመሄድ ደግሞ በቦታው ከነበሩት ሠራተኞች የእንግሊዝ ቪዛ ያለው አልተገኘም። አንድ ሠራተኛ ወደ ናይጄሪያ በረረ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ዲስኩን ለሌላ ባልደረባ አስረከበ፤ እሱም ለንደን አደረሰው። የሜርስክ የቦርድ ሊቀመንበር ዳቮስ ላይ በጥር 2010 ዓ.ም. እንደተናገሩት፣ ድርጅቱ በ10 ቀን ውስጥ 4,000 ሰርቨሮችን፣ 45,000 ኮምፒውተሮችንና 2,500 አፕሊኬሽኖችን እንደ አዲስ ተክሏል። ኪሳራው ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል።

ከዚህ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው የመብራቱ ዕድል ነው። ለቴክኒክ ሰው የሚያስጨንቀው ግን ቀሪው ክፍል ነው። መረጃው ከተገኘ በኋላም ቢሆን ሥራው ገና ነበር፤ የመስመር ፍጥነት፣ የጉዞ ሰነድ፣ ዲስክ የሚይዝ ሰው ያስፈልግ ነበር። እነዚህ በየትኛውም የባክአፕ ሶፍትዌር ሪፖርት ላይ አይታዩም። «ስኬታማ» የሚለው አረንጓዴ ምልክት የሚናገረው ቅጂው መጻፉን ብቻ ነው።

ቅጂ መኖሩ ለምን አይበቃም?

በአይቲ ክፍሎች ዘንድ በብዛት የሚሰማው መከራከሪያ «ሦስት ኮንትሮለር አለን፤ አንዱ ቢሞት ሌላው አለ» የሚለው ነው። የአንድ ማሽን ብልሽትን በተመለከተ ትክክል ነው። ይሁንና ሪፕሊኬሽን ጥሩውንም መጥፎውንም እኩል ያስተላልፋል። አንድ አስተዳዳሪ በስህተት አንድን ሙሉ ክፍል ቢያጠፋ፣ ጥፋቱ በደቂቃዎች ውስጥ ሁሉም ጋ ይደርሳል። ለእንዲህ ዓይነቱ ስህተት ከዊንዶውስ ሰርቨር 2008 አር2 ጀምሮ ያለው የአክቲቭ ዳይሬክተሪ ሪሳይክል ቢን መፍትሔ ይሆናል፤ ግን አስቀድሞ መከፈት አለበት። መዋቅሩ ሲበላሽ ወይም አጥቂ የዋና አስተዳዳሪ ሥልጣን ሲይዝ ሪሳይክል ቢኑ አያድንም።

ሁለተኛው መከራከሪያ «የቨርቹዋል ማሽኑ ስናፕሾት አለን» የሚል ነው። ቨርቹዋል ማሽን በሌላ ማሽን ላይ በሶፍትዌር የሚፈጠር ኮምፒውተር ነው፤ ስናፕሾት ደግሞ ማሽኑ በአንድ ቅጽበት የነበረበትን ሁኔታ የሚይዝ ቅጂ ነው። እዚህ ላይ የአሠራሩን ውስጠ ነገር ማየት ይጠቅማል። እያንዳንዱ ኮንትሮለር ለሚያደርገው ለውጥ ተከታታይ ቁጥር ይሰጣል፤ ሌሎቹም «ከእገሌ እስከ 50,000 ተቀብያለሁ» ብለው ይመዘግባሉ። ያ ኮንትሮለር በስናፕሾት ተመልሶ ቁጥሩ 40,000 ላይ ቢገኝ፣ ከዚያ በኋላ የሚጽፋቸውን 10,000 ለውጦች ሌሎቹ «አይተነዋል» ብለው ያልፏቸዋል። መዝገቡ በዝምታ ለሁለት ይከፈላል። ይህ ዩኤስኤን ሮልባክ ይባላል፤ ሲታወቅ በክስተት መዝገቡ ላይ 2095 ቁጥር ይወጣና ኮንትሮለሩ ራሱን ከሪፕሊኬሽን ያገልላል። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ጀምሮ ቨርቹዋል ማሽኑ ወደ ኋላ መመለሱን የሚያሳውቅ መለያ ስላለ አደጋው ቀንሷል፤ ግን መለያውን የሚደግፍ የቨርቹዋል መድረክ ያስፈልጋል። ዳይሬክተሪውን አውቆ የሚወሰድ ባክአፕ ግን ሲመለስ ኮንትሮለሩ አዲስ መለያ ይይዛል፤ ሌሎቹም እንደ አዲስ ያዩታል።

የቅጂው ዕድሜም አለ። በዳይሬክተሪው ውስጥ የተሰረዘ ነገር ወዲያው አይጠፋም፤ «ሞቷል» የሚል ምልክት ይዞ ለተወሰነ ጊዜ ይቆያል። ጊዜው በአሁኑ አሠራር 180 ቀን ነው። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2003 የመጀመሪያ ሰርቪስ ፓክ በፊት በተተከሉና ማንም ባልነካቸው ፎረስቶች ላይ ግን 60 ቀን ሆኖ ይገኛል። ከዚህ ያረጀ ባክአፕ አይሠራም። ከዚያ ያነሰ ዕድሜ ያለውም ቢሆን ችግር አለው። የድርጅቱ ኮምፒውተሮች ከዳይሬክተሪው ጋር የሚተዋወቁበትን የራሳቸውን የይለፍ ቃል በየ30 ቀኑ ይለውጣሉ፤ የሚያስታውሱትም የአሁኑንና የቀደመውን ብቻ ነው። ባክአፑ የሁለት ወር ከሆነ ብዙዎቹ «ከዶሜይኑ ጋር ያለው መተማመን ተቋርጧል» የሚል መልእክት ያወጣሉ፤ እያንዳንዱንም በእጅ መጠገን ግድ ይላል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ክቡ ነው። የባክአፕ ሰርቨሩ ራሱ የዶሜይኑ አባል ከሆነ ማን ይከፍተዋል? ባክአፑ የተመሰጠረበት የይለፍ ቃል የተቀመጠበት ፕሮግራም በዶሜይን አካውንት የሚከፈት ከሆነስ? ቨርቹዋል ማሽኖቹ የሚተዳደሩበት ገጽ፣ የሰርቨር ክፍሉ በር ካርድ፣ ከቤት የሚገቡበት ቪፒኤን፣ የማገገሚያው መመሪያ የተቀመጠበት ፎልደር፣ ሁሉም ማንነት የሚጠይቁት ከዳይሬክተሪው ነው። ይህን ክብ ቁጭ ብሎ በማሰብ ሙሉ በሙሉ ማግኘት አይቻልም። ፍተሻ የሚያስፈልገው በዋናነት ለዚህ ነው።

ፍተሻው እንዴት ይካሄዳል?

መጀመሪያ የተዘጋ ቦታ ያስፈልጋል። ለአንድ ዶሜይን ለሚሆን ፍተሻ 64 ጊጋባይት ራምና 1 ቴራባይት ፈጣን ዲስክ ያለው አንድ ማሽን ይበቃል፤ በላዩ ላይ ለሁለት ሰርቨሮችና ለአንድ ተራ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ቦታ ይኖራል። ቨርቹዋል ስዊቹ ከየትኛውም የኔትወርክ ካርድ ጋር የማይያያዝ፣ በማሽኑ ውስጥ ብቻ የሚያገናኝ መሆን አለበት። በፋየርዎል ደንብ «እንዘጋዋለን» ማለት አይበቃም። የተመለሰው ኮንትሮለር ስሙም፣ አድራሻውም፣ ሥልጣኑም ከእውነተኛው ጋር አንድ ነው። ለአንድ ደቂቃ እንኳ ከሥራው ኔትወርክ ጋር ቢገናኝ፣ በኋላ የምናያቸው እርምጃዎች (ሌሎች ኮንትሮለሮችን ከመዝገብ መሰረዝ፣ የይለፍ ቃሎችን መቀየር) ወደ ሕያው ሥርዓት ይገባሉ። ኢንተርኔትም አይኑረው። ከክላውድ ጋር የሚያመሳስለው ሰርቨር አብሮ ከተነሳ የዱሮውን መረጃ ወደ ክላውዱ ሊገፋ ይችላል።

ሰዎቹ ቢያንስ ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ሰዓትና እንቅፋት ይመዘግባል። የሚሠራው ሰው መመሪያውን የጻፈው ባይሆን ይመረጣል። ጸሐፊው ያልጻፈውንም ከጭንቅላቱ ይሞላዋልና። ደንቡ አንድ ነው፦ የዶሜይን አካውንት የሚጠይቅ ምንም ነገር መጠቀም አይቻልም። ባክአፑ ከሚቀመጥበት መጋዘን የሚወጣው በአካባቢያዊ አካውንት ነው፤ መመሪያው በወረቀት የታተመ ነው፤ የይለፍ ቃሎቹ ከታሸገ ፖስታ ይወጣሉ። ፍተሻው ገና ምንም ሳይነሳ እዚህ ላይ የሚቆምባቸው ድርጅቶች አሉ፤ ያም ቢሆን ትልቅ ግኝት ነው።

ከዚያ የትኛው ቅጂ ይመለሳል የሚለው ይወሰናል። ሲስተም ስቴት በዋናነት የታሰበው በዚያው ማሽን ላይ ለመመለስ ነው። ወደ ሌላ ሃርድዌር ከሆነ ማይክሮሶፍት የሚመክረው የሙሉ ሰርቨር ባክአፕን ነው። ብዙ ድርጅቶች ሲስተም ስቴት ብቻ ሲያስቀምጡ ኖረው በአዲስ ማሽን ላይ ሰማያዊው ስክሪን ሲመጣ ያን ጊዜ ይረዱታል። የሚመለሰው ኮንትሮለር ዲኤንኤስ (የኮምፒውተሮችን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉመው አገልግሎት) ያለበት፣ ማንበብ ብቻ የማይችል፣ ማለትም መጻፍም የሚችል፣ ሌላ ሥራ ያልተጫነበት ቢሆን ሥራውን ያቀላል። ፎረስቱ ብዙ ዶሜይን ካለው የሥሩ ዶሜይን ይቀድማል።

ማሽኑ የሚነሳው በዳይሬክተሪ መመለሻ ሁነታ፣ በተለምዶ አጠራሩ በዲኤስአርኤም ነው። እዚህ የሚሆነውን ቀረብ ብሎ ማየት ተገቢ ነው። የመግቢያው ገጽ ይመጣል፤ እጅ በልማድ የዶሜይኑን ስምና የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ይጽፋል፤ «ትክክል አይደለም» ይላል። ትክክል ሊሆን አይችልም፤ ዳይሬክተሪው ገና አልተነሳም። የሚያስፈልገው ከስሙ ፊት ነጥብና ወደ ኋላ ያጋደለ መስመር አድርጎ የማሽኑን የራሱን አስተዳዳሪ መጻፍ ነው። የይለፍ ቃሉም ኮንትሮለሩ በተተከለበት ቀን የተሰጠው ሌላ የይለፍ ቃል ነው። ያ ቀን ከስድስት ዓመት በፊት ሊሆን ይችላል፤ የተከለው ሰው ሥራ ለቅቆ ሊሆን ይችላል። ኮንትሮለሩ በሕይወት እያለ ኤንቲዲኤስዩቲል በተባለው መሣሪያ በሁለት ደቂቃ ይለወጣል። ከሞተ በኋላ ግን ጭንቅ ነው። አሁን፣ ይህን የሚያነብ አስተዳዳሪ ሰርቨሮቹ ጤነኛ እያሉ፣ ይህን የይለፍ ቃል አድሶ ፖስታ ውስጥ ቢያስቀምጠው ከጽሑፉ ያገኘው ትልቁ ጥቅም ይህ ይሆናል።

በደብሊውቢአድሚን ትእዛዝ ዳታው ሲመለስ ሲስቮል «እኔ ነኝ ዋናው» ተብሎ መመለስ አለበት። ካልሆነ ኮንትሮለሩ ሲስቮልን ከማይኖር ባልንጀራው ለመቀበል ይጠብቃል፤ ፎልደሩም ለኔትወርኩ አይከፈትም። ሥራው ሲያልቅ ማሽኑ በዲኤስአርኤም እንዲነሳ የተሰጠው ትእዛዝ መሰረዝ አለበት፤ ይህ ተረስቶ ማሽኑ ደጋግሞ ወደዚያው ሁነታ እየተመለሰ ሰዓት የሚበላበት አጋጣሚ ብዙ ነው።

በተለመደው ሁኔታ ሲነሳ ሌላ ግድግዳ ይመጣል። የኔትወርክ ካርዱ አዲስ ስለሆነ የቀድሞው አድራሻ የለም፤ በእጅ ይገባል፤ ለዲኤንኤስ የሚጠይቀውም ራሱን እንዲሆን ይደረጋል። ከዚያም ዝምታ ይሰፍናል። የክስተት መዝገቡ 4013 ቁጥር ያወጣል፦ ዲኤንኤሱ ዳይሬክተሪው የመጀመሪያ ማመሳሰሉን እስኪጨርስ እየጠበቀ ነው። ዳይሬክተሪው ደግሞ ብቸኛ ሚናዎችን ስለያዘ ከባልንጀሮቹ አንዱን ካላገኘ «ዝግጁ ነኝ» አይልም፤ ባልንጀሮቹን ለማግኘትም ዲኤንኤስ ያስፈልገዋል። አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ይቆማሉ። መፍትሔው በሬጅስትሪ የመጀመሪያ ማመሳሰልን የሚመለከተውን ዋጋ ለጊዜው ዜሮ ማድረግና ማገገሙ ሲያበቃ መመለስ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ባክአፑ ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ቅጂ ለመሞከር ሊነሳ ይችላል፤ ግማሽ ቀን ይሄዳል።

ኮንትሮለሩ መናገር ሲጀምር ጽዳቱ ይከተላል። በአንድ ሰርቨር ብቻ የሚያዙ አምስት ሚናዎች አሉ፤ ሁለቱ ለፎረስቱ፣ ሦስቱ ለየዶሜይኑ። በተመለሰው ላይ ከሌሉ ይነጠቃሉ። ከዚያ የሌሉት ኮንትሮለሮች በሙሉ ከመዝገብ ይሰረዛሉ።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚዘለው እርምጃ አለ፤ የሪድ ቁጥር። እያንዳንዱ አካውንት በመለያው መጨረሻ ላይ የማይደገም ቁጥር አለው፤ ዋናው ኮንትሮለር ለሌሎቹ በ500 ጥቅል እየሸነሸነ ያድላል። ባክአፑ የማክሰኞ ሆኖ ረቡዕና ሐሙስ አዳዲስ ሠራተኞች ተመዝግበው ከነበረ፣ የተመለሰው ሥርዓት እነዚያ ቁጥሮች መሰጠታቸውን አያውቅም። አርብ የተመዘገበች ሠራተኛ ረቡዕ የተመዘገበውን ሰው መለያ ትይዝና እሱ ይከፍታቸው የነበሩ ፎልደሮች ሁሉ ይከፈቱላታል። ይህን ለመከላከል የቀሪው ቁጥር መነሻ በ100,000 ከፍ ይደረጋል፤ በእጅ ያለው ጥቅልም ይሰረዛል። ጠቅላላው ቁጥር ከቢሊዮን ስለሚያልፍ 100,000 መዝለል የሚጎዳው ነገር የለም።

የኬርቤሮስ፣ ማለትም የዶሜይኑ የማንነት ማረጋገጫ ሥርዓት፣ ቁልፍ የሚመነጨው ኬአርቢቲጂቲ ከሚባለው አካውንት ነው። የይለፍ ቃሉ ሁለት ጊዜ ይቀየራል። ሁለት ጊዜ የሚሆነው ሥርዓቱ የአሁኑንና የቀደመውን ሁለቱንም ስለሚቀበል ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ቢቀየር፣ አጥቂ ቀድሞ የሰረቀው ቁልፍ ካለ አሁንም በር ይከፍታል። የኮንትሮለሩ የራሱ አካውንትና ከሌሎች ዶሜይኖች ጋር ያሉ የመተማመን ቃሎችም እንዲሁ ሁለት ሁለት ጊዜ ይቀየራሉ። ሰዓቱም ይታይ፤ በተዘጋ ኔትወርክ ውስጥ ሰዓት የሚሰጥ የለም፤ በሁለት ማሽኖች መካከል ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት ካለ ኬርቤሮስ አይቀበልም፤ የሚወጣው የስህተት መልእክትም አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሰዓት አያነሳም።

«ተነሳ» የሚባለው መቼ ነው?

ማሽኑ መብራቱ ብቻውን ማስረጃ አይደለም። ዲሲዲያግ የሚባለው መመርመሪያ ያለ ስህተት ማለፍ አለበት፤ ሲስቮልና ኔትሎጎን የሚባሉት ሁለት ፎልደሮች ለኔትወርኩ ክፍት መሆን አለባቸው፤ አዲስ አካውንት ተፈጥሮ በዚያ አካውንት ከተራው ኮምፒውተር መግባት መቻል አለበት፤ ግሩፕ ፖሊሲውም ኮምፒውተሩ ላይ መድረስ አለበት። ባክአፑ በተወሰደበት ቀን የነበረው የአካውንት ብዛት አስቀድሞ ተመዝግቦ ከሆነ ማነጻጸር ይቻላል።

ከዚያ ሁለተኛ ኮንትሮለር ይጨመር፤ ከባክአፕ ሳይሆን ከንጹሕ ዊንዶውስ ሰርቨር። ምክንያቱ ይህ ነው። ራንሰምዌር የሚያስነሱ አጥቂዎች ፋይሉን ከመቆለፋቸው በፊት ለቀናት ወይም ለሳምንታት በኔትወርኩ ውስጥ ይቆያሉ። ባክአፑ እነሱንም ይዟቸው ሊሆን ይችላል። ሙሉው የሰርቨር ቅጂ ፕሮግራማቸውን ከነዲስኩ ይመልሰዋል፤ ሲስተም ስቴትም ሬጅስትሪና ሲስተም ፋይሎችን ስለሚይዝ ከዚህ ነጻ አይደለም። ስለዚህ ሚናዎቹን ወደ ንጹሑ አዛውሮ ከባክአፕ የተነሳውን ማስወገድ የተሻለ መንገድ ነው። ይህም በዳታቤዙ ውስጥ ያለውን አያጸዳም፤ የማይታወቅ የዋና አስተዳዳሪ አባል፣ በሲስቮል ውስጥ የገባ ስክሪፕት፣ በፖሊሲ የተተከለ የታቀደ ሥራ አንድ በአንድ መታየት አለበት።

የመጨረሻው ፈተና አንድ እውነተኛ አፕሊኬሽን ነው፤ የደመወዝ ሥርዓቱ ወይም የፋይል ሰርቨሩ። አንዱን ባክአፕ ወደ ተዘጋው ቦታ አምጥቶ በተመለሰው ዳይሬክተሪ ማስገባት መቻል። የሰርቲፊኬት ሰጪው ሰርቨር አለመኖሩ፣ አንድ አፕሊኬሽን የሞተውን ኮንትሮለር በቁጥር አድራሻው መጥራቱ፣ የአገልግሎት አካውንት የይለፍ ቃል ከባክአፑ በኋላ መቀየሩ የሚታየው እዚህ ነው።

የሚያከራክሩት ነጥቦች

ክላውድ ይህን ሁሉ ያስቀራል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ተጠቃሚዎቹና ኮምፒውተሮቹ ሙሉ በሙሉ በኢንትራ አይዲ፣ ማለትም በማይክሮሶፍት የክላውድ ማንነት መዝገብ፣ ብቻ የሚሠሩ ከሆነ እውነት አላቸው። ብዙ ድርጅቶች ያሉት ግን ድብልቅ ላይ ነው፤ መዝገቡ በግቢው ይጀምርና ወደ ክላውድ ይመሳሰላል። ከክላውዱ ተነስቶ የግቢውን ዳይሬክተሪ መልሶ መገንባት አይቻልም፤ ግሩፕ ፖሊሲው፣ የኬርቤሮስ ቁልፎቹ፣ የሰርቨሮቹ የፎልደር ፈቃዶች የተያያዙባቸው መለያዎች እንዳሉ እዚያ አይገኙም። ሆኖም አንድ ጠቃሚ ልዩነት አለ። የይለፍ ቃል አሻራው (ከይለፍ ቃሉ በስሌት የሚወጣው ኮድ) ወደ ክላውድ እንዲመሳሰል የተደረገ ከሆነ፣ የግቢው ዳይሬክተሪ ቢወድቅም ኢሜይሉና ቲምስ መግባት አያቆሙም። ማረጋገጫው ወደ ግቢው ተመልሶ የሚጠየቅ ከሆነ ግን እነሱም አብረው ይቆማሉ፤ የማገገሚያ ቡድኑም የሚነጋገርበት መንገድ ያጣል። ይህ ምርጫ ከደኅንነት አንጻር የራሱ ክርክር አለው፤ ከማገገም አንጻር ግን የመጀመሪያው ይሻላል።

ወጪውን የሚያነሱም ተገቢ ጥያቄ አላቸው። ሁለት ባለሙያዎችን ለሁለትና ለሦስት ቀን መያዝ፣ ለአንድ አነስተኛ ድርጅት ቀላል አይደለም። መካከለኛ መንገድ አለ። ሙሉው ፍተሻ በዓመት አንድ ጊዜ፣ እንዲሁም የዊንዶውስ ሰርቨሩ ስሪት ሲቀየር፣ የባክአፕ ሶፍትዌሩ ሲለወጥና ዋናው አስተዳዳሪ ሲለቅ ይደረግ። በየወሩ ደግሞ ባክአፑ ተከፍቶ ኮንትሮለሩ በተዘጋው ስዊች ላይ ብቻውን ተነስቶ ይታይ፤ ይህ በግማሽ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው። አንድ ኮንትሮለር ብቻ ያላቸው ቢሮዎች፣ ወርሃዊውን ለመዝለል ምክንያት የላቸውም፤ የሚተካቸው የለምና። በራሱ የሚፈትሽ ሶፍትዌር መግዛት የማስነሳቱን ሥራ ያፋጥናል፤ ፖስታው ውስጥ የይለፍ ቃሉ መኖሩን ግን አያረጋግጥም።

ከፍተሻው የሚወጣው ዋናው ነገር ቁጥር ነው፦ ከመጀመሪያው ደቂቃ እስከ መጀመሪያው የተጠቃሚ መግቢያ ስንት ሰዓት ፈጀ። አስተዳደሩ «ሥርዓቱ በአራት ሰዓት ይመለሳል» የሚል ሰነድ ፈርሞ ፍተሻው 31 ሰዓት ቢወስድ፣ ወይ ሰነዱ ይስተካከል ወይ ለሥራው ገንዘብ ይመደብ። ይህ ውይይት ከአደጋው በፊት መደረጉ፣ በአደጋው ቀን ጥፋተኛ ፍለጋ ከመሯሯጥ ያድናል።

የተመለሰው ቅጂ ምን ይደረግ?

ፍተሻው ሲያልቅ በተዘጋው ማሽን ላይ የድርጅቱ ሠራተኞች ሁሉ ስም፣ ስልክና የይለፍ ቃል አሻራ ያለበት ሙሉ ዳይሬክተሪ ተቀምጧል። ይህን ዲስክ ያገኘ ሰው አሻራዎቹን ወስዶ በራሱ ጊዜ መሰባበር ይችላል፤ ማንም ሳያየው። የኢትዮጵያ ድርጅቶችን ከሆነ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 እንዲህ ያለውን ቅጂም ይመለከታል። ስለዚህ የፍተሻ ማሽኑ ዲስክ ከመጀመሪያው የተመሰጠረ ይሁን፤ ፍተሻው ባለቀበት ቀን ቨርቹዋል ማሽኖቹ፣ ስናፕሾቶቹና ለጊዜው የተገለበጠው የባክአፕ ፋይል ይደምሰሱ፤ ማን በስንት ሰዓት እንደደመሰሳቸውም በዚያው ሰዓት በተያዘበት መዝገብ ላይ ይፈረም። ከፖስታው የወጡት የይለፍ ቃሎች ተቀይረው አዲሶቹ ይታሸጉ።